በእህቴ ባል ኮት ላይ ስላረፉት አምስት ጣቶችዎ

ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊና የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በተለይ የቀኝ ጉልበትዎ፣ ያን ዕለት ከሊፍቱ ሲወጡ ከወለሉ ጠርዝ ጋር የተጋጨው፣ ዳነልዎ ወይ? ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ጀርባ ተሰቅሎ የሚኖረው ሁለተኛው ኮትዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራ ስለሌለኝ እንቅልፍ ሞልቶኛል።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ሰባት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ውል እየታደሰልኝ ሊፍት ስጠግን የኖርኩት ሰው ነኝ፤ ያ ሰማያዊ ቱታ ለባሹ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ባለ መዘውሩ» የሚለኝ። ባለፈው ወር የሥራ መደቡ ቋሚ ሆኖ ማስታወቂያ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው አመለከትኩ፤ እርስዎም እንደማንኛውም ሰው ጣሉኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። እኔ ባለማወቄ ሊፍት የሚጠገነው በመፍቻ ይመስለኝ ነበር። ማስታወቂያዎ ግን ስለ መፍቻ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ አመልካቾች በሙሉ ልብስና በከረባት እንዲቀርቡ፣ ለአለባበስና ለንጽሕናም ከመቶ አሥራ አምስት ነጥብ እንደሚያዝ አስተማረኝ። እኔ ሙሉ ልብስ ኖሮኝ አያውቅም፤ ሊፍቱ በሚወርድበት ጉድጓድ ግርጌ ለሚውል ሰው ምን ያደርግለታል? የእህቴ ባል ግን የሠርጉ ልብስ ነበረው፤ ግራጫ፣ ከሠርጉ ወዲህ ሰውነት ላይ ያልዋለ። እህቴ የሱሪውን ጫፍ ፈትታ አስረዘመችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ተኮሰችው፤ ባልና ሚስት ሆነው በቁም ሣጥኑ መስተዋት ፊት እያዟዟሩኝ ሥራ አስኪያጅ መሰልክ አሉኝ። አልዋሽዎትም፣ እኔም ራሴን ወደድኩት።

ሁለተኛ፦ በመካከላችን ስለነበረው ምስጢር። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ መጥቼ፣ በአምስተኛው ፎቅ ኮሪደር ከሌሎቹ አመልካቾች ጋር፣ ሱሪው እንዳይጨማደድ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የጥበቃ ሠራተኛው እያለከለከ መጥቶ ሊፍቱ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል መቆሙንና ውስጡም ሰው መኖሩን በጆሮዬ ነገረኝ። ዛሬ ለፈተና እንጂ ለሥራ አልመጣሁም ልለው እችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ሕንፃ ሊፍቱን አውርዶ ሰው ማውጣት የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም፤ ሰው ሳጥን ውስጥ እየጮኸ ወንበር ላይ መቀመጥ ደግሞ አልለመደብኝም።

ኮቱን አውልቆ ቢሠራ ኖሮ ይሉ ይሆናል። አውልቄ ነበር እኮ። ሰገነት ላይ ባለው የሞተር ክፍል በንጹሕ ጋዜጣ ሸፍኜ ከሰቀልኩት በኋላ ነው እጅጌዬን ሰብስቤ ኃይሉን ያጠፋሁት፣ ፍሬኑን የለቀቅኩት፣ መዘውሩንም በእጄ እያዞርኩ ሊፍቱን ወደ አራተኛ ፎቅ ያስጠጋሁት። ከዚያ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። የቀረኝ በሩን በቁልፍ መክፈት ብቻ ስለነበር፣ ውስጥ ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን በአግባቡ ለብሼ ልቀበለው ብዬ ኮቱን መልሼ ለበስኩት። ጥፋቴ ይህች ናት፤ አምናለሁ።

በሩ ሲከፈት እርስዎ ነበሩ። ሊፍቱ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር መወጣጫ እስካመጣ እንዲታገሡኝ፣ የበሩን ጠርዝም ግሪስ ስላለው እንዳይነኩት ለመንኩዎ። እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት የሚሰማ ጆሮ አልነበረዎትም። ጠርዙን በሁለት እጅዎ ጨብጠው ተንጠለጠሉ፤ ቀጥለው የኮቴን ደረት ጨበጡ። እንባዎ እየወረደ «ጌታዬ፣ ጌታዬ፣ እንዳትለቀኝ!» አሉኝ። አልለቀቅኩዎትም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ከልቤ አዘንኩልዎ።

ትንፋሽዎ ሲመለስ ዙሪያውን ቃኝተው፣ አብሮኝ ከቆመው ጥበቃ በቀር ያየ ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ነገሩ ከመካከላችን እንዳይወጣ አደራ አሉኝ። እኔም ከአፌ እንደማይወጣ ማልኩልዎ። ከዚያ እርስዎ ወደ ቢሮዎ ገብተው ኮት ቀየሩ፤ እኔ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በግራ ደረቴ ላይ የቀረውን ጥቁር የእጅ ቅርጽ በውሃ ማሸት ያዝኩ። ግሪስ በውሃ እንደማይለቅ እኔን ማን ይነግረኛል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሆኖብኝ እንጂ። ጥበቃውማ ገልብጬ እንድለብሰው ሁሉ መክሮኝ ነበር። ኮቱን አውልቄ እንዳልገባ ማስታወቂያው ሙሉ ልብስ ይላል።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥያቄዎችዎ። ሃያ ደቂቃ ዘግይተው ሲገቡ ለኮሚቴው አባላት አስቸኳይ ስብሰባ እንደያዘዎት ነገሯቸው። ሐሰት ነው አልልም፤ ከፈጣሪዎ ጋር ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያም ዓይንዎን ከወረቀቱ ሳያነሡ «አመልካች ቁጥር አራት፣ ሰው የያዘ ሊፍት በፎቅ መካከል ቢቆም ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ያደረግኩትን በሙሉ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። መነጽር ያደረጉት ሴት የኮሚቴ አባል መልሱን ወደውት፣ በቅርብ ጊዜ የገጠመኝን አንድ ምሳሌ እንድጠቅስ ጋበዙኝ። እርስዎን አየሁ። እርስዎ እስክሪብቶዎን አዩ። ለጊዜው ትዝ አይለኝም ብዬ መለስኩ፤ እርስዎም ሦስት ነጥብ ቀነሱልኝ።

ሴትየዋ ቀጥለው ደረቴ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ በደግ አንደበት ጠየቁኝ። አደራ በላ እንዳልባል አሁንም ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ነው ማንም ሳይጠይቅዎ ጉሮሮዎን ጠርገው «ሰው ለሥራ ሲፈተን ቢያንስ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ለመሥሪያ ቤታችን ያለህን ንቀት ነው የሚያሳየው» ያሉኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ እጄ አመድ አፋሽ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ። በአለባበስ የሰጡኝን ዜሮም ችዬ እኖር ነበር። ያቃጠለኝ ዜሮው አይደለም፤ ዝም ማለት ሲችሉ መናገርዎ ነው። እርስዎ ዝም ቢሉ ኖሮ እኔም እስከ መቃብሬ ዝም እል ነበር። የገዛ እጅዎን ደረቴ ላይ እያዩ ንቀት ነው ሲሉኝ ግን፣ የማልኩልዎ መሐላ ከዚያው ክፍል ወለል ላይ ወድቆ ቀረ። ሳላነሣው ወጣሁ።

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ እኔ ሰባ ዘጠኝ፣ የተመረጠው ልጅ ሰማንያ አራት። በአለባበስ ረድፍ እሱ አሥራ አምስት፣ እኔ ባዶ። ልጁን አልወቅስም፤ አይጥ በበላ ዳዋ መመታት የለበትም። ጥቁር ሰማያዊ ልብሱ አምሮበታል፤ ጫማው ያበራል፤ ሊፍቱ ቆሞ ስለነበርም አምስቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ነው የተፈተነው። በሥራው የመጀመሪያ ቀን ደውሎልኝ ፍሬኑ በየት በኩል እንደሚለቀቅ በትሕትና ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት።

አራተኛ ብዬ ስለ እህቴ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ባጭሩ፣ ቅርጹን በቤንዚን ብታሸውም አልለቅ አለ። ባሏ «ልብስ እኮ ነው፣ አይዞህ» ብሎኝ ኮቱን ደረቱን ወደ ቁም ሣጥኑ ግድግዳ አዙሮ መልሶ ሰቀለው። ውሌ ከተቋረጠ ወዲህ የምበላው በእነሱ ገበታ ነው፤ የምቀመጥባት ወንበር ደግሞ ከዚያ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ናት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአለባበስ ረድፍ የተጻፈልኝ ዜሮ ወደ ባለቤቱ ይዛወርልኝ። የሚጠራጠሩ ከሆነ ኮቱ ስላለ፣ በማናቸውም የሥራ ቀን ቀኝ እጅዎን ይዘው መጥተው ማመሳከር ይችላሉ። የቀለበትዎ ቅርጽ ሳይቀር በደንብ ወጥቷል።

የሁለተኛው ኮትዎ ትከሻ አቧራ እንዳይነካው፣ የመጀመሪያውም ከልብስ አጣቢ ቤት በሰላም እንዲመለስልዎ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አመልካች ቁጥር አራት

ግልባጭ፦
መነጽር ላደረጉት የኮሚቴ አባል (ምሳሌው አሁን ትዝ ብሎኛል)
ለጥበቃ ሠራተኛው

ማሳሰቢያ፦ ሊፍቱ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ በላይ፣ በአደጋ ጊዜ ይደውሉ ተብሎ የተለጠፈው ስልክ ቁጥር እስከ ዛሬ የእኔው ነው። ያን ዕለት ለፈተናው ብዬ ስለዘጋሁት ነው እንጂ ሁልጊዜ አነሣለሁ፤ ወደፊትም ቢደውሉ እመጣለሁ። ሆኖም ወደ መሥሪያ ቤትዎ ያለ ከረባት መምጣት ንቀት መሆኑን ስላስተማሩኝ፣ እኔ ደግሞ ከረባት ማሰር ስለማልችል፣ የሚያስርልኝ የእህቴ ባልም ከሥራ የሚመለሰው አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እስከዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው በአፍንጫዎ ቀስ እያሉ ይተንፍሱ።