ስለ ጥንቸሎችዎ ቤትና ስለ ባለቤቴ መቃብር

ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ምትኩ ደጅይጥኑ፣
የወይራ አምባ ምክትል ወረዳ ገዥ፤

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም የደሴው ፈረንጅ ወዳጅዎ የሰጠዎትን የነጫጭ ጥንቸሎች ጤና አምላክ እንዲጠብቅ እየለመንሁ እጅ እነሣለሁ። ስለ ጥንቸሎቹ መለመኔስ ትርፍ ነው፤ ወፍረው አይቻቸዋለሁ፤ የት እንዳየኋቸው ከዚህ በታች እገልጻለሁ። በቃል ያመለከትሁት ስላልተሰማልኝ ይህን ጽሑፍ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ አሠራር ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለልጆችዎ ደስታ ሲሉ ለጥንቸሎቹ ያሠሩት ቤት ጣራው ቆርቆሮ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሣር ስለሆነ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ካህናቱ መጻሕፍቱን ከጥግ ወደ ጥግ እያሸሹ የጥንቸሎቹን ጣራ በማየት ይጽናናሉ። ሦስት ግድግዳ ብቻ አሠርተው የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር የድንጋይ አጥር አራተኛው እንዲሆን ማዘዝዎም የሚደነቅ ቁጠባ ነው፤ በዋግ አገር ድንጋይ እንደሚቸግር ከእርስዎ በፊት ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ወለሉ አፈር ነው። በግንበኞቹ አልፈርድም፤ የአገራችን ጥንቸል ከቁጥቋጦ ሥር ያድራል እንጂ ጉድጓድ ስለማይቆፍር፣ የፈረንጁም እንደዚያው መስሏቸዋል። እኔም ብሆን አላውቅም ነበር። ነገር ግን በአጥሩ ሥር አፈር ተቆልሎ ባየ ጊዜ ዘበኛዎ ሄዶ ነግሮዎታል፤ ክቡርነትዎም “ተዋቸው፣ ይጫወቱ” ብለው መልሰውለታል። እነርሱም ትእዛዝዎን አክብረው ተጫውተዋል።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ጥቅምት ያረፈችው ባለቤቴ ወለተ ገብርኤል የተቀበረችው ከዚያው አጥር ሥር ነው። የተጠቀለለችበትን ሰሌን ኒሯቅ ገበያ ወርጄ የመረጥሁላት እኔ ነኝ፤ ዳሩ ቀይ ቀለም የተነከረ ነው። በዳግማ ትንሣኤ ማግሥት ብሄድ መቃብሯ ሰምጦ፣ በጎኑም ቀዳዳ ተከፍቶ አገኘሁት። እጄን ባስገባ የሞቀ ጠጉር ነካሁ። ጥንቸሊቱ በዚያ ወልዳለች። ለልጆቿ ያነጠፈችው የራሷን ነጭ ጠጉር ከሰሌን ብጣሽ ጋር ደባልቃ ነው፤ ብጣሹም ዳሩ ቀይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ እጄ እህል በቆረስሁ ቁጥር ይዘገንነኛል።

ይህንኑ ላመለክት ከቢሮዎ ብቀርብ፣ ጸሐፊዎ አቶ ወልደ ሐዋርያት ከወረቀቱ ቀና ሳይል “አባቴ፣ ጥንቸል እኮ ሥጋ አይበላም” ሲል አጽናናኝ። ሰባ ዓመት ስኖር ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ግን ሰምቼ አላውቅም። ለእርሱም ሐዘን ሲደርስበት እንዲህ ብሎ የሚያጽናናው ሰው እንዳያጣ እመኛለሁ።

እንስሳቱ ርኩሳን ናቸው ብዬ እንዳልከሰስሁ ይታወቅልኝ። ኖኅም ርኩሱን ከንጹሑ ጋር በመርከቡ አሳፍሯል፤ ነገር ግን ክፍል ክፍል አድርጎ ሠራ እንጂ ከሚስቱ መኝታ አላስገባቸውም።

እናቲቱና ግልገሎቿ አሁን በእኔ ቤት ይገኛሉ። ቀዳዳውን በድንጋይ ከመድፈኔ በፊት በቅርጫት አወጣኋቸው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ፣ በጠጣቸው ወደ ታች እንዲወርድ የጨፈቃ ወለል፣ ነፋስ እንጂ ዝናብ የማያስገባ ክዳንና ድርቆሽ አዘጋጅቼላቸዋለሁ። እጠየፋቸዋለሁ፤ ሆኖም አፈር የሚገባው ለሞተ እንጂ በሕይወት ላለ እንስሳ አይደለም።

የምለምነው አጭር ነው። ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ በዚያ ቀዳዳ ከባለቤቴ ላይ ሳይወርድ፣ ቤቱ ከአጥሩ ይነሣ። ክቡርነትዎም ቅዳሴ በወጣበት ሰዓት፣ ሕዝቡ ቆሞ እያየ፣ ከመቃብሯ ላይ የጎደለውን አፈር በእጅዎ ይመልሱ። ጥንቸሎቹንም ያን ጊዜ ይረከባሉ። አካፋ ከእኔ ዘንድ ስላለ ለእርሱ አያስቡ።

ከአጥሩ ወዲህ በሕይወት ካሉት ተገዥዎችዎ መካከል አንዱ የሆንሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ ስላሉትም አፍ ስለሌላቸው የምናገር፣ በእርስዎ ዘመን መሞትን አጥብቄ የምፈራ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ገብረ አማኑኤል ወልደ ጻድቅ

ተጨማሪ፦ ትንሿ ልጅዎ ይታየሽ ግልገሎቹን ለማየት እየመጣች ጎመን ታበላቸዋለች፤ ደግ ልጅ ናት። ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ስለሆነች በደጁ የተለጠፈውን አታነብም። ትናንት “አባባ፣ የት አገኟቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃንን መዋሸት አልፈቀድሁም፤ እውነቱንም ለመንገር አፌ አልታዘዘልኝም። “አባትሽ ያውቃል፤ እሱን ጠይቂው” ብያታለሁ።