በባሕር ማዶ የሰው ምርጫ ሲያዩ ለሰነበቱት ለእንደራሴያችን

ነሐሴ ፲፫ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለተከበሩ የወሎ ቦረና ሕዝብ እንደራሴ
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው በደህና ስለ ገቡ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሼህ ጀላልም ቁርአን ከሚያስቀሯቸው ደረሶቻቸው ጋር ዱአ አድርገውልዎታል። እኛም፣ ቆመን የምንሄደው ማለቴ ነው፣ ደህና ነን።

እኔ ከፍርድ ቤቱ በር ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ የምጽፈው ራፖር ጸሐፊ ክንፈ አሻግሬ ነኝ፤ አምና በምርጫው ጊዜ ስምዎን በየገበያው የለፈፍኩልዎ። በሐምሌ መጨረሻ፣ ካናዳ በሚባል አገር አንድ የባሕር ጠረፍ ወረዳ እንደራሴውን ሲመርጥ ለማየት ተልከው ያዩትን በሬዲዮ ሲያወጉ፣ በወይዘሮ በለጡ ሻይ ቤት ተሰብስበን ሰማንዎ። ስለዚህም ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

፩ኛ/ ስለ ዓሣው እናመሰግናለን። የዚያ ወረዳ ተወዳዳሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ የሚያስሩበት የእንጨት መድረክ ስለ ተሰበረ ክፉኛ መከራከራቸውን፣ አንደኛውም ዝናብ እየወረደበት የአንድ ሽማግሌ አቤቱታ ቆሞ ማዳመጡን ነግረውናል። ወይ ጉድ! ለተሰበረ እንጨት! መቶ አሥራ ሁለት ሰው አውራ ጣቱን ያሳረፈበት የእኛ የረሃብ አቤቱታ ግን ከጥር ጀምሮ እርስዎ ዘንድ ነው። እንደ ደረሰዎ እንኳ አልጻፉልንም።

፪ኛ/ ጋዜጠኛው የራስዎ ወረዳስ ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ትንሽ የዝናብ እጥረት ነበር እንጂ ሕዝቤ ደህና ነው፣ ታጋሽም ነው ብለው መለሱ። ስለ ትዕግሥታችን መመስከርዎ ውለታው አይከፈልም። በማግሥቱ፣ ደሴ ላይ ሦስት ሳምንት እህል ሲጠብቁ የነበሩትን ሽማግሌዎቻችንን አንድ የእርዳታ ጸሐፊ ጠርቶ፣ እንደራሴያችሁ ደህና ናችሁ ብለዋልና ለእናንተ የተመደበው ሁለት መኪና ስንዴ ለሌላ ይሰጣል አላቸው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። እህቴ አሰጋሽ ከሦስት ልጆቿ የቀሩላትን ሁለቱን ይዛ ከእኔ ቤት ተቀምጣ የምትጠብቀው ያንን ስንዴ ነው፤ እኔም የማበላት የለኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። በጨዋ ቋንቋ ልጻፍ ብዬ ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጻፍኩት።

፫ኛ/ ይህኛው ምስጋና ለእርስዎም ለእኔም ነው። አምና ሕዝቡ ሊመርጥ ሲሰለፍ ግማሹ ስልቻ ይዞ እንደ መጣ ያስታውሳሉ። በእኛ አገር መንግሥት የሰው ስም የሚጽፈው ለግብር ነው ወይም ለእርዳታ፤ ግብሩ በጥር ተወስዷል፤ እንግዲህ የቀረው እርዳታ ነው ብሎ ያሰበ ገበሬ ሞኝ አይባልም። ተፎካካሪዎ መምህር ብዙነህ በሰልፉ መሐል እየዞረ ይህ ምርጫ ነው፣ እህል የለውም እያለ እውነቱን ቢነግራቸው ሟርተኛ ብለው ጠሉት። እኔ ግን፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ፣ አብሽሩ፣ የእኛን ሰውዬ ምልክት ብቻ ምረጡ፣ ይደርሳችኋል አልኳቸው። በዚያው አሸነፍን። ሰዉ ስልቻውን እንደ ያዘ እስኪመሽ ጠበቀ። እኔ በሥራዬ አፍራለሁ፤ እርስዎ አፈሩ ሲባል ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ናት። የደሴው የእርዳታ ጸሐፊ፣ እንደራሴው ራሳቸው ቃላቸውን ካነሱ መኪኖቹን በነጋታው እጭናለሁ ብሏልና፣ በዚያው ሬዲዮ ቀርበው ተሳስቻለሁ፣ ቦረና ተርቧል ይበሉልን። ዓሣውን ካወሩበት ጊዜ ሩቡን አይፈጅም። እዚያ አዲስ አበባ ሹማምንቱ በየቀኑ እየታሰሩ ነው ስለሚባልም፣ ተራዎ ሳይደርስ፣ ሰው ገና ሲያደምጥዎ ቢፈጥኑ መልካም ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ማዕድና ሌላም የባሕር ማዶ ጉዞ ከልብ የሚመኝ፣
የምርጫ ለፋፊዎና ተባባሪዎ
ክንፈ አሻግሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሚቀጥለው ምርጫ መምጣትዎ ካልቀረ ቤት ለቤት በመዞር አይደክሙም። አምና ድምፃቸውን ከሰጡዎት ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ክርስቲያኖቹ ከመድኃኔ ዓለም ቅጽር፣ እስላሞቹ ከመስጊዱ በታች። የቅሬው፣ የእድሩ ማለቴ ነው፣ መቃብር ቆፋሪዎች ጉልበት ስለ ከዳቸው ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለምና፣ በዚያ ሲያልፉ እባክዎ ቀስ ብለው ይርገጡ።