መርዝ የሚበላና መርዝ የሚያበላ

ለባሕር ምርቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ጉዳዩ፦ ናሙና ሳይወሰድ ሦስተኛው የዛጎል ገንዳ ውስጥ በረኪና እንዳይጨመር ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከባለቤቴ ጋር ከወደቡ ጀርባ በሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች ለምግብ የሚሆን ዛጎል አረባለሁ። ባለቤቴ አሁን መንጋጋው ተሰብሮ፣ በሽቦ ታስሮ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ በፖሊስ እየተጠበቀ ይገኛል። የተጠረጠረው የወንድሙን ሚስት በመርዝ በመግደል ነው። መንጋጋውን የሰበረውም ያው ወንድሙ፣ ዋርሳዬ በረዶ ሻጩ ነው።

2. ባሕሩ ሲቀላ ውሃው ላይ የሚፈላው አልጌ የሚባል ረቂቅ የውሃ ተክል መርዝ አለው። ዛጎል ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ መርዙን በሥጋው ያከማቻል፤ በላተኛውን ይገድላል። ቢቀቀልም አይለቅም። አንዳንዱ ዛጎል ግን ከመርዙ ቶሎ ይጠራል። የጽሕፈት ቤትዎ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንዳስረዳችን፣ ቶሎ በሚጠራው ዛጎል አንጀት ውስጥ መርዙን እየሰባበረ የሚመገብ የባሕር ባክቴሪያ ይኖራል። እሷው አራብታ ሰጠችን፤ ለሙከራ ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ጨመርነው። በእርስዎ ፈቃድ የተደረገ ነው።

3. ባለቤቴ ቀልድ ይወዳል፤ ጦሱም ከዚያ መጣ። በረዶ ልንገዛ ሄደን መፍጫው እየጮኸ ሳለ ዋርሳዬ «ደግሞ ገንዳው ውስጥ ምን ጨመራችሁበት?» ሲል ጠየቀው። ባለቤቴም ጮክ ብሎ «መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ! ሆዳምነቱ ባንተ ወጥቷል!» ብሎ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ዋርሳዬ የሰማው «መርዝ የሚያበላ» ብሎ ነው። ያን ጊዜ እሱም እንደ ቀልድ ቆጥሮ ስቋል። ሚስቱ ስትሞት ሳቁ ተረሳ፣ ቃሉ ቀረ።

4. ሟቿ የበላችው ከእኛ ገንዳ አይደለም። ከጀልባ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ፣ እናንተ «መልቀም ክልክል ነው» ብላችሁ ከተከላችሁት ሰሌዳ ሥር የለቀመችውን ነው። አመመኝ ብላ ስትጠራኝ ሮጬ ደርሻለሁ። «እቴ፣ ከንፈሬ ደንዝዞ የሌላ ሰው ከንፈር መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ምላሷ ታሰረ፤ ቀጥሎ ትንፋሿ። ድስቱ ውስጥ የቀረው ቅርፊት ጥቁሩ የምሰሶ ዛጎል ነበር፤ የእኛ ነጭ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ዋርሳዬ ድስቱን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ቅርፊቱን የገባው ሰው ሁሉ ረገጠው።

5. ከቀብር መልስ ዋርሳዬና ቀባሪዎቹ መጡብን። የበረዶ መፍለጫ፣ መቅዘፊያና ሰንሰለት ይዘዋል። ሁለቱን ገንዳዎች አፈረሱ። የፈሰሰውን ዛጎል በጫማ ሲጨፈልቁት ድምፁ ጥርስ የሚሰበር ይመስል ነበር። ባለቤቴን ሦስተኛው ገንዳ ዳር አንበርክከው፣ ከዚያው እየዘገኑ ጥሬውን ከነቅርፊቱ አፉ ውስጥ ጠቀጠቁበት። «ብላ! ሰው ያበላኸውን አንተም ብላ!» ይሉት ነበር። ከንፈሩ ተተልትሎ እየደማ፣ ጉሮሮው ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። «የሚበላ ነው ያልኩት፣ ወንድሜ፣ የሚበላ» እያለ ሳለ ዋርሳዬ በመፍለጫው ጀርባ መንጋጋውን መታው። ቃሉን የሚያርመው አፍ ተሰበረ።

6. እኔም እጄን አጣጥፌ አልቆምኩም። ዛጎል በምፍቅበት ብረት የዋርሳዬን ክንድ ሰብሬዋለሁ። አልክድም፤ ሕግ ሲጠይቀኝ መልስ እሰጣለሁ። ይህ አቤቱታ ስለዚያ አይደለም።

7. በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ «መርዝ የሚያበላው ባክቴሪያ ያለበት ገንዳ ለሕዝብ ጸጥታ ሲባል ነገ በረኪና ተጨምሮበት እንዲወገድ» ይላል። ያቺ «ያ» የምትባል ፊደል ከበረዶ መፍጫው ተነሥታ እስከ እርስዎ ማኅተም ሥር ደርሳለች። ከዚያ ገንዳ የበላ ሰው ቢኖር ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱም ጣቱ አልደነዘዘም፣ ትንፋሹም አልታገደም። ይህን ለመርማሪው ብነግረው «ተፍቶት ይሆናል» አለኝ። እንግዲህ እኔንና መርማሪውን የሚያስታርቀን የገንዳው ዛጎልና ውሃ ነው። በረኪናው ከገባ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ባለቤቴም ነፍሰ ገዳይ እንደተባለ ይቀራል።

8. ስለሆነም ባለሙያዋ ከሦስተኛው ገንዳ ናሙና ወስዳ መርዝ እንዳለበትና እንደሌለበት እንድትመረምር፣ ውጤቱ ለመርማሪው እንዲደርስ፣ እስከዚያም በረኪናው እንዲቆም እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ባለሙያዋ ዝግጁ ነኝ ብላለች፤ የጎደለው የእርስዎ አንድ ቃል ነው።

ሠራተኞችዎ ነገ በርሜሉን ይዘው ከመጡ ገንዳው ውስጥ ቆሜ ያገኙኛል። የመፋቂያ ብረቱም በእጄ ነው። ይህን እንደ ዛቻ እንዳይቆጥሩብኝ፤ ማመልከቻ ላይ አድራሻ ይጻፍ ስለሚባል ነው።

ለክቡርነትዎ ከሚገባው አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የዛጎል አርቢው ሚስት
አድራሻ፦ ሦስተኛው ገንዳ፣ ውሃው እስከ ወገብ