የአቶ ኤልዊን ስትራውብ ሕይወትና ስለ አንድ ወርዋሪ ትከሻ የተዉት ቃል

አቶ ኤልዊን ስትራውብ በኤሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ሳንደስኪ፣ ኦሃዮ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኦቶ ስትራውብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄድዊግ ብራንት እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1948 ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ኤልዊንም በልጅነታቸው መረብ እየጠገኑ የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ይከታተሉ፣ የእያንዳንዱን ኳስ ወርዋሪ ውጤት በዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ይመዘግቡ ነበር።

በ1970 በሂሳብ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ለሰባት ዓመት አስተማሩ። በ1973 ከወይዘሮ ማርሊስ ኦልደን ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ኮሪንንና ግሬታን ወለዱ። በ1977 በቶሊዶ ስተርጀንስ የቤዝቦል ክለብ በቲኬት ሽያጭ ሥራ ጀመሩ፤ በ1991 የተጫዋቾች ውል ኃላፊ ሆኑ። ሥራቸው ውላቸውን ጨርሰው ነፃ የወጡ ወርዋሪዎችን መመዘን ነበር፦ ማን ምን ያህል ያወጣል፣ የክለቡ ባለቤት ከወሰኑት የደመወዝ ጣሪያ በታችስ ማን ይገባል? ባልደረቦቻቸው፣ "ኤልዊን እኮ ሰማይ ቤት በር ላይም ቅዱስ ጴጥሮስን 'ትንሽ ቀንስ' ማለቱ አይቀርም" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም እስከ 2004 ታኅሣሥ ድረስ አብረው ይስቁ ነበር።

በዚያ ወር ክለቡ ሁለት ወርዋሪዎች ያስፈልጉት ነበር፤ ከጣሪያው በታች የቀረው ግን ዘጠኝ ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። የአርካንሶው ግራኝ ወርዋሪ ላቮን ፕሪቼት በዓመት ሰባት ሚሊዮን ለሦስት ዓመት ለመጫወት ተስማማ። የቀረው የሐኪም ምርመራ ነበር። የምርመራው ምስል በግራ ትከሻው ውስጥ የሳሳ ጅማት አሳየ። ሐኪሙ የሚወረውር ሰው ሁሉ ትከሻ እንዲሁ እንደሆነ ለአቶ ኤልዊን ነገሯቸው። እርሳቸውም ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ምስል በብዙ ጤነኛ ወርዋሪዎች ላይ አይተዋል። ሆኖም ለወኪሉ ደውለው ትከሻው እንዳሳሰባቸው ተናገሩ፤ ውሉንም ወደ አንድ ዓመትና ወደ አራት ሚሊዮን አወረዱት።

ትከሻው ተጎድቷል የሚለው ወሬ በሳምንት ውስጥ ክለቦቹን ሁሉ አዳረሰ። ቅናሹን መጀመሪያ እምቢ ያለው ፕሪቼት ሌላ ፈላጊ ሲያጣ በየካቲት ተመልሶ ፈረመ። በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛው ወርዋሪ ተገኘ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት ምድቡን አሸነፈ። ፕሪቼት ግን በሰኔ ክርኑን ሲያመው ለማንም አልተናገረም፤ አመመኝ ቢል ወሬውን እውነት ያደርገዋልና። በነሐሴ፣ በጨዋታ መካከል፣ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ አልወረወረም። ጋዜጦች ትከሻና ክርን ሳይለዩ፣ ስትራውብ አስቀድሞ አይቶት ነበር ብለው አሞገሷቸው።

አቶ ኤልዊን የምስሉን ፊልም ወደ ቤት ወሰዱት። ወይዘሮ ማርሊስ ማለዳ ማለዳ በወጥ ቤቱ መስኮት ብርሃን ላይ ዘርግተውት ቆመው ያገኟቸው ነበር። በኋላ ፊልሙ መሳቢያ ውስጥ ቢቆለፍም፣ ነጩ አጥንት መስታወቱ ላይ የቀረ ይመስል፣ በዚያ መስኮት ፊት ለፊት መቀመጥ ተዉ። ስታዲየም ውስጥ ግራኝ ወርዋሪ ሲወጣ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሜዳው ባዶ ሆኖ በረዶ በለበሰበት ወራት እንኳ ኳስ ያዢው ጓንት ውስጥ ሲያርፍ ድምፁ እንደሚሰማቸው ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል። በ2009 የስንብት ግብዣ ሳይፈልጉ ጡረታ ወጡ።

ባለፈው ጥቅምት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በጥር መጨረሻ ልጃቸውን ኮሪንን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ "ለላቮን ልጽፍለት ሃያ ዓመት ሞከርኩ፣ ልጄ። ደብዳቤ ግን ለእሱ ብቻ ነው የሚደርሰው። እኔ ስሙን ያጠፋሁት በሰው ሁሉ ፊት ነው። እውነቱን ቀብሬ ላይ አንብቡልኝ" አሏት።

ኮሪን ለአቶ ላቮን ደውላ ይህንኑ ነገረቻቸው። እርሳቸውም፣ "ትከሻዬ ደህና እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እሱም ማወቁን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር" አሏት። ለቀብሩ እንደሚመጡ ቃል አልሰጡም። አቶ ኤልዊን መልሱን ሲሰሙ ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቁ። የካቲት 14 ቀን 2025፣ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርሊስን፣ ልጆቻቸውን ኮሪንንና ግሬታን፣ እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

በኑዛዜያቸው መሠረት ይህ በጉባኤው ፊት ይነበባል፦ በታኅሣሥ 2004 የላቮን ፕሪቼት ትከሻ ደህና ነበር። ኤልዊን ስትራውብ ይህን እያወቁ ሌላ ተናገሩ።

አቶ ላቮን በመካከላችን ካሉ፣ በቤተሰቡ ረድፍ ቦታ ተይዞላቸዋል። አምላክ ለእርሳቸው የልብ ዕረፍት ይስጥልን፤ የአቶ ኤልዊንንም ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን።