ከዘውገ ጋር ስለ መቆራኘቴ

ገብረአምላክ፣

ብዋሽ የቂርቆስ ታቦት ይፍረድብኝ፣ የምጽፍልህ ሁሉ እውነት ነው።

ዛሬ ጠዋት የካዛንቺሱ ጣልያን ጨርቅ ነጋዴ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ያ ለነጭ ጭራውን የሚቆላው ዘውገ፣ ደጃችን መጣ። «ካልከፈላችሁ ፋሊሜንቶ ነው! ከስረዋል ተብሎ ይታወጅና የስፌት መኪናው ይወሰዳል!» ብሎ ደነፋ። ኮት ስለለበሰ ጣልያን የሆነ መስሎታል።

እኔም «ጌታዬ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ ተቆራኝተው አይደል እንዴ ዳኛ ፊት የሚቆሙት? ያባቶቻችን ሥርዓት ነው» አልኩና የለበስኩትን ጋቢ ጫፍ ከኮቱ ጋር ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። እየጎተትኩ ቄራ ወሰድኩት። ሥጋ ሻጮቹ «ባለዕዳው የቱ ነው?» ቢሉኝ «ይሄ ባለኮቱ ነዋ!» አልኳቸው። «ክፈለው አንተ ሌባ!» እያሉ ሲከቡት ኮቱን አውልቆ ጥሎ ፈረጠጠ። ምን ኮቱን ብቻ፣ ፋሊሜንቶውንም ጥሎ ነው!

በቃ፣ አሁን ስማኝ። የስፌት መኪናህን ጎረቤታችን እትዬ ቡዜ ጓዳ፣ ከጤፉ ጆንያ ኋላ ደብቄዋለሁ። እሳቸው ሲፈቅዱልህ እዚያው ሆነህ ስፋ።
እኔ ላንቻ አክስቴ ዘንድ ነኝ።

ጨርቁን በዱቤ እንውሰድ ያልኩት እኔ ነበርኩ።
እሱን ተወው።

ደግሞ ኮቱን እቤት ውስጥ አትፈልገው። ከነገርኩህ ውስጥ አንዲቷን ነገር ብቻ ነው የፈጠርኳት። የጣልያን ፖሊስ፣ ካራቢኜሪው፣ ብቅ ሲል፣ ቋጠሮው አልፈታ ቢለኝ፣ ጋቢውን ትቼ የፈረጠጥኩት እኔ ነኝ።
ጋቢው ያንተው ነበር።

ዘውገ እሱን ለብሶ ቢመጣም በሩን እንዳትከፍትለት።

ጉርሜሳ