ያላዞርኩት ሶላር

መጋቢት 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡00
ጤዛውን በነጠላዬ ጠርጌ አንደኛውን ሶላር ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ሁለተኛው አይነካም፤ በብሎን ታስሯል። እያንዳንዱ በራሱ ፓምፕ የራሱን በርሜል ይሞላል። አንደኛውን በቀን አራት ጊዜ ፀሐይዋን ተከትዬ በእጄ አዞራለሁ። ማታ ሁለቱን በርሜል በዘንግ ለክቼ፣ ሙከራውን ከኮሌጁ ለምትመራው ለኢ/ር ሰላማዊት በመለኪያ ደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ የመጠለያው ሰው ይቀዳል። የሚዞረው ካሸነፈ እሱ ይተከላል፤ ሥራዬም ይቀጥላል።

ማታ። የሚዞረው በአራት ጣት በለጠ። ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን ከገባን ወዲህ የኔ የምለው ሥራ ይኸ ብቻ ነው።

መጋቢት 6፣ ዓርብ
የበልግ ደመና። ንጋት ላይ የልጄ የብርቄ ትኩሳት ባሰ። ሶላሩን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አዝያት ወደ ሆ/ል። የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ። ወረፋ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ሶላሩ እንደቆመ ቀረ። ማታ ስንመለስ በርሜሎቹ ተቀድተው አልቀዋል። የሚለካ የለም።

ላንቺ ልንገርሽ ደብተሬ፣ ለማን እነግራለሁ። በዚያኛው፣ በመለኪያው ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ የሚዞረው በሦስት ጣት በለጠ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ
ብርቄ ተሽሏታል። ሽሮ ቀመሰች።
ኢ/ር ሰላማዊት መጣች። የመለኪያውን ደብተር እያነበበች ዓርብ ላይ ስትደርስ ቆመች። በደመና ቀን ማዞር ለውጥ አያመጣም ብላ ነበር የምታስበው። ተሳስቼ ኖሯል አለች፤ ደስ ብሏት። ፎቶ አነሳችው። የትኛው እንደሚተከል ሐሙስ ለሚወስኑት ልታሳይ ነው። የሚዞረው ውድ ነው፤ እሱ ከተመረጠ ጥቂት ብቻ ነው የሚገዛው። በደመና የማይረዳ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሊያጥረን ነው። በኔ ጣት።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ
ደመና። አራቴም አዞርኩ። ለካሁ። እኩል። ደግሜ ለካሁ። እኩል። ውሃው ትንሽ ነው፤ ጎረቤቴ ዘነቡ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።
ባሌ ጌታሁን ከጫጫ ከተማ፣ ከቀን ሥራ ሲመጣ ነገርኩት። ዝም በይ አለኝ። አንድ ቀን ምን አላት፣ ሌላ ሥራስ የት ይገኛል። እውነቱን ነው። ተናድጄ ወጣሁ። በሱ ይሁን በራሴ፣ እንጃ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00
ኮሌጁ ድረስ ሄድኩ። ኢ/ር ሰላማዊት ወርክሾፕ ውስጥ ነበረች። ተቀመጪ ብትለኝም ቆሜ ነገርኳት።
«ዓርብ ከጠዋት በኋላ አላዞርኩም፣ አልለካሁምም። ልጄን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ። ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»
መነጽሯን አወለቀች። ተቆጥታለች፤ ግን አልጮኸችም።
«እትዬ አስካለ፣ ልጄ ታማብኝ አልለካሁም ብለሽ ብትጽፊ እኮ ይበቃ ነበር።»
ዓርብን በቀይ ሰረዘችው። የሌሎቹ ቀኖችስ ብላ ጠየቀችኝ። በእጄ የለካኋቸው ናቸው አልኳት። ትመነኝ አትመነኝ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው አብሮኝ ይለካል። አፈርኩ። ሆኖም መንገዱን ሙሉ ትንፋሼ ቀሎኝ ተመለስኩ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ፣ ማታ
ወሰኑ። የታሰረው ይተከላል፣ በብዛት። የሚዞረውን እሑድ ይነቅሉታል፤ ሥራዬም እስከዚያው ነው። ጌታሁን ሰማ። እራቱን በላ። ብርቄን አቅፎ ተኛ።
ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ነገም ደመና ይመስላል። አራቴም አዞራለሁ። እኩል ከሆነ፣ እኩል ብዬ እጽፋለሁ።