ከአግዳሚው ወዲያ

መጋቢት 8፣ ሰኞ

የአለባበስ ፈተናው ውጤት ወጣ። ከመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች ያለፈ የለም።

የነገረችኝ ሜሮን ናት፤ የእህቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ እኔ ዘንድ የምትኖረው። ከሲ.ኤም.ሲ መልስ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሽሮ አቀረብኩ። አልበላችም። እኔ በላሁ፤ ርቦኝ ነበር።

ፈተናው ምን እንደሆነ እዚህ ልጻፍ፤ ጋዜጣው ላይ አልጽፈውም። ዘመዴ ያለችበትን ዜና አልነካም፤ ይህን ለአዘጋጃችንም ነግሬዋለሁ። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ወሬው ያንተ ድርሻ ነው።

ከሲ.ኤም.ሲ ወዲያ የተሠራው ፋብሪካ ክትባት በብልቃጥ ይሞላል። ማለቴ ሊሞላ ነው። የመሙያ ክፍሉ አየር ሳይቀር የተጣራ ነው። የሚያቆሽሸው ሰው ብቻ። ስለዚህ ሠራተኛው ከዓይኑ በቀር ምንም ሳይታይ ተሸፍኖ ይገባል። ለፈተናው ለብሶ ይሠራል፤ ሲጨርስ ጣቶቹ፣ ደረቱና ክርኖቹ ላይ የባክቴሪያ ምግብ ያለባት ትንሽ ሳህን ትጫናለች። ሳህኗ ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ ትከርማለች። ነጭ ነጠብጣብ ከበቀለባት ለባሹ ወድቋል።

የሁሉም በቅሏል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሜሮን ሳልነቃ ወጥታለች። አልጋዋ ተነጥፏል። ጥሩ ምልክት።

ያለው ነገር ይህ ነው። አንድ ፈተና ይቀራቸዋል። እሱንም ከወደቁ ባለቤቶቹ የመሙያ ክፍሉን ሠራተኞች ከውጭ ያመጣሉ። የኛ ልጆች ካርቶን ወደሚታሸግበትና ብልቃጥ ወደሚታጠብበት ይሄዳሉ። ሜሮን ባዮሎጂ ተምራ መድኃኒት ቤት ካሸር ነበረች። ለዚህ ሥልጠና ብላ ለቀቀች። ቦታዋ ወዲያው ተይዟል።

ስለዚህ ዘርፍ ስጽፍ ብዙ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አይቻለሁ። ሪባን ሲቆረጥም። ድንጋይ ሠራተኛ አይፈልግም። ፋብሪካ ይፈልጋል። ዘንድሮ ሕንፃው ቆሟል፤ ማሽኑ ገብቷል፤ የጎደለው ሰው ነው። ያሉት ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎች ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይነጠቃሉ። በሌላ በኩል ከተማው በባዮሎጂ ምሩቅ ተሞልቷል፤ የሚሸጡት ግን የሞባይል ካርድ ነው። መሐሉን የሚያገናኝ ድልድይ ያ ሥልጠና ነበር።

ነበር አልኩ? ነው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

አሠልጣኟ ወ/ሮ አስቴር ሁሉን ነገር ከሥሩ እየፈተሹ ነው። ጓንቱን አስቀየሩ። ቱታውን የሚያጥበውን ክፍል መረመሩ። የአየር ማጣሪያውን አስፈተሹ። ሁሉም ንጹሕ። በዚህ ሥራ ሸብተዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ይላሉ።

ሜሮን አንድ እንግዳ ነገር ነገረችኝ። ነጠብጣቡ የበቀለው በግራ እጅ ጣቶችና በቀኝ ክርን ላይ ብቻ ነው። የሁሉም፣ እዚያው ቦታ። የቀኝ እጅ ጣቶች ንጹሕ ናቸው።

ምናልባት ሁላችሁም ግራኝ ሆናችሁ እንዳይሆን አልኳት።

“አጎቴ፣ ቀልድህም ጾም ያዘ እንዴ?”

ግን ፈገግ አለች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ተገኘ! ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጋሽ ጥላሁን ከእንጦጦ ራጉኤል ቅዳሴ መልስ ጎራ አሉ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ቁልቁለቱን በእግር ወርደው ላብ በላብ ሆነዋል። ውሃ አሉ። ሜሮን ብርጭቆውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሁልጊዜው በግራ እጇ የቀኝ ክርኗን ደግፋ ዘረጋችላቸው።

እንደዚያው ቀረች። ብርጭቆው አየር ላይ ነው። የጋሽ ጥላሁን እጅም አየር ላይ ነው።

“ስጪኝ እንጂ ልጄ፤ ፎቶ እስክንነሳ ነው?”

“ክርኔ!” አለች።

“ምን ሆነ ክርንሽ?”

“ክርኔን ይዣለሁ!”

ብርጭቆውን እኔ ተቀብዬ ሰጠኋቸው። እሷ ስልክ ይዛ በረንዳ ላይ ወጥታለች።

ፈተናው ላይ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ብልቃጥ የተደረደረበትን ትሪ ለወ/ሮ አስቴር ያቀብላል። ወ/ሮ አስቴር ለሁሉም እናት ይሆናሉ። እናቱን የሚያህል ሰው አንድ ነገር ሲያቀብል ክርኑን የማይደግፍ ልጅ የት አለ? ክርን ደግሞ በቱታው ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ የቆዳው ባክቴሪያ በጨርቁ ሾልኮ ይወጣል። ክርኑ ያለውን ለግራ ጓንት ሰጠ። በቃ።

ወ/ሮ አስቴር ስልኩ ላይ መጀመሪያ አስደገሟት። ከዚያ ሳቁ። እስከ ውስጥ ተሰማኝ። ያሉትን ሜሮን ስትደግምልኝ ቃል በቃል ያዝኩት፦ “ሳትደግፉ ብትሰጡኝ ኖሮ ወዲያው አስተውል ነበር።”

ጋሽ ጥላሁን ውሃቸውን ጨርሰው፣ ታዲያ በመከባበር ነው የወደቃችሁት፣ አሉ። ሌላ ርዕስ አያስፈልግም ነበር። ግን አልጽፈውም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እጅን ማሳመን ሌላ። ሠልጣኞቹ ትናንት ሙሉ ቀን ተለማመዱ። እያወቁት ግራ እጃቸው ይሄዳል። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ ቢባልስ? ብዬ ጠየቅኩ። ሜሮን አይሆንም አለች። አሠራሩ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ደግሞም አለቃ በገባ ቁጥር ያው እጅ መነሳቱ አይቀርም።

ወ/ሮ አስቴር መላ አገኙ። ንጹሕ ክፍሉ መግቢያ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ የውጭ ጫማ ወዲህ ይቀራል፣ በንጹሑ ጫማ ወዲያ ይሻገራሉ። ሕግ አወጡ። ከአግዳሚው ወዲህ ሰላምታው እስኪጠገብ ይሰጣል፤ እጅ ይነሳል፤ ጉልበት ይሳማል፤ የፈለገ። ከተሻገሩ በኋላ ትልቅ የለም፣ ትንሽ የለም። እሳቸውንም አስቴር፣ አንቺ ይበሉ።

አንዱ ልጅ “አንቺ” ለማለት ሦስቴ ሞክሮ አስነጠሰው አሉ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ቤታችን ማሠልጠኛ ሆኗል። ጋሽ ጥላሁን ማታ ማታ ይመጣሉ፤ ሊናቁ። ሜሮን የሳሎኑን ምንጣፍ ጫፍ አግዳሚ አድርጋዋለች። ትሪ ላይ የሽሮፕ ጠርሙሶች ደርድራለች።

ሰውየው አይምሯትም። እንደ ታመመ ሰው ይንቀጠቀጣሉ፤ እየሳሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የግራ እጇ ብድግ ይላል።

“ወደቅሽ! ድገሚ።”

ትደግማለች። እጇ ጸጥ ሲል ደግሞ በሌላ ይመጣሉ።

“እንዲህ ነው ያሳደጉሽ? የማን ባለጌ ነሽ?”

“የእርስዎ ጎረቤት ነኝ።”

“የእርስዎ? ከምንጣፉ ወዲያ እርስዎ አለ?”

“ያንተ ጎረቤት ነኝ፣ ጥላሁን!”

ወጥቼ ደጅ ላይ ሳቅኩ። እናቷ ይህን ብትሰማ ከወሎ በእግሯ ትመጣለች።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ክስ ቀረበብን። ከታች ያለችው ባለሱቅ፣ እትዬ ብርቅነሽ፣ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ሜሮን የለስላሳ ጠርሙስ በአንድ እጇ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ መለሰችላት። ተምራ ናቀችን ወይ? አለችኝ።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሽ ጥላሁን ከኋላዬ ደረሱ።

“ብርቅነሽ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። በነጻ!”

እትዬ ብርቅነሽ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። ሁለታችንም ዛሬ ቅዳሴ ሄደን እንደሆነ ጠየቀች።

ለሜሮን ነገርኳት። ደነገጠች፤ ወርዳ ይቅርታ ጠይቃ መጣች። ከዚያ እያሰበች፣ እጄ ተማረ ማለት ነው፣ አለች። አሁን የሚቀራት መሻገሪያውን መለየት ነው። ውጭ ክብር፣ ውስጥ ንጽሕና። ሁለቱን ይዛ መዞር።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ተፈተኑ።

ትሪውን የተቀበሉት ወ/ሮ አስቴር አልነበሩም። የባለቤቶቹ ተወካይ ሳይነገር ለብሰው ገቡ። ከባሕር ማዶ የመጡ ሽማግሌ፤ የሚታየው ዓይናቸውና ነጭ ቅንድባቸው ብቻ። ቅንድቡ ነው ያስፈራኝ ትላለች ሜሮን። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት። ግራ እጇ ሞቀ። አልተንቀሳቀሰም። በልቧ “ጥላሁን፣ ጥላሁን” እያለች ሰጠቻቸው።

ሳህኖቹ ሳጥን ገቡ። እኛ እንጠብቃለን።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ምንም የለም። ሜሮን መጋረጃ ሁሉ አጠበች። እኔ ስለ መንገድ ጥገና ጻፍኩ። ሁለቴ ስሕተት ተገኘብኝ። ተገቢ ነው።

መጋቢት 29፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ቢሮ ነኝ። ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታ ነው፤ የወ/ሮ አስቴር፣ ከአግዳሚው ወዲህ ቆመው። ከዚያ ሜሮን፦ “አጎቴ፣ ባዶ ነው! ሳህኔ ባዶ ነው!”

በሕይወቴ ስለ ባዶ ሳህን እንዲህ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

የግራ ጣቶች፣ ንጹሕ። ክርን፣ ንጹሕ። ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም አልፈዋል። የሱ ጥፋት ጸጉሩ ሾልኮ ግንባሩ ላይ መውጣቱ ነው፤ ተላጭቶ ይደግማል። ሽማግሌው ተወካይ በሌሎች አገሮች ካዩት ሁሉ ይህ የተሻለ ነው ብለዋል፤ ወ/ሮ አስቴር በጽሑፍ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ሰጡ።

ሥራ መቀጠል አቃተኝ። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። እንጦጦ ጥርት ብሎ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ከተማ ሊሠራ ነው ስለተባለ ነገር ጻፍኩ። ዛሬ ተሠራ የሚል ወሬ ሰማሁ፤ የሰማሁትም ከገዛ ቤቴ ልጅ ነው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ወሬው ቀድሞን ሄዷል። የእንስሳት መድኃኒት የሚያመርት ሌላ ፋብሪካ፣ የኔንም ሠራተኞች አሠልጥኑልኝ ብሎ ለወ/ሮ አስቴር ደውሏል። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተማሪዎቹን አግዳሚውን እንዲያዩ ማምጣት ይፈልጋል። አዘጋጁ ዜናውን ጻፍ አለኝ። አይሆንም አልኩ፤ ለወጣቷ ባልደረባዬ ሰጠኋት፤ ማንን ማነጋገር እንዳለባት ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ጥሩ ነበር።

ወ/ሮ አስቴር ሜሮንን ለቀጣዩ ዙር ረዳት አሠልጣኝ ትሁንልኝ ብለዋል፤ ቀጣይ ዙር ካለ። እሱም ሆነ የመሙያ ክፍሉ በኛ ልጆች ይከፈት የሚለው፣ ፈተናው ቢታለፍም፣ በባለቤቶቹ ቦርድ እጅ ነው።

ማታ ጋሽ ጥላሁን መጡ። ሜሮን ውሃ ይዛ ወጣች። ጎንበስ አለች። ግራ እጇ ቀስ ብሎ፣ ተስተካክሎ፣ ከቀኝ ክርኗ ሥር ገባ።

“ምነው? ልምምዱን ረሳሽው?”

“ከአግዳሚው ወዲህ ነን፣ ጋሼ።”

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

ቦርዱ ሐሙስ ይወስናል።